ፓወር ሰፕላዩ ደሴ ውስጥ ይገኛል ወይ?

ኮምፒውተር ልገዛ ነው ምን ይሻለኛል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ወሬውን የሚጀምረው ሁሌም ከኮር አይ፣ ከፕሮሰሰሩ (ከኮምፒውተሩ አንጎል) ዓይነት ነው። ኮር አይ 5 ነው ወይስ 7 ነው፣ ራሙ (ሲሰራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው) ስንት ነው፣ ስክሪኑ ስንት ኢንች ነው። እኔ ደሞ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፣ የዚ ማሽን ፓወር ሰፕላይ፣ መብራቱን ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ነገ ቢቃጠል ደሴ ውስጥ ይገኛል ወይ? ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ ገና ሳልገዛው ስለ መቃጠል ምን ታወራብኛለህ ይለኛል። ግን እዚ እኛ ጋ በኮምፒውተር እንጀራውን የሚበላ ሰው ሁሉ፣ ጽሕፈት ቤት ያለው በሉት ፎቶ ቤት ያለው፣ የትምህርት ቤት ላብ የሚያስተዳድር በሉት ወረዳ ላይ ሪፖርት የሚያዘጋጅ፣ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እዚች ጥያቄ ላይ ነው።

ስራዬ ጥገና ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው የምሰራው፣ ማሽን ከሐይቅም ከኩታበርም ከወረኢሉም ይመጣልኛል፣ በማዳበሪያ ጠቅልሎ በሚኒባስ ጭኖ የሚያመጣ አለ። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞት የመጣን ሰው "ይሄ አይሰራም፣ ዕቃው የለም" ብሎ መመለስ በጣም ነው የሚከብደኝ፣ በተለይ ብልሽቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ግን ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ለጥገና እንዳይመች ሆኖ ከተሰራ። ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ሳትገዙ በፊት እንድታነቡት።

ወሎ ውስጥ ጭነት የሚያመላልስ ሰው ለምን አይሱዙ እንደሚገዛ ማንም ያውቀዋል። ፍጥነቱን አይቶ አይደለም፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ የትም ቦታ ቢቆም መለዋወጫው አለ፣ እጁ የለመደው መካኒክ አለ። ኮምፒውተር ስንገዛ ግን ይሄን ብልሃታችንን እቤት ጥለነው ነው የምንወጣው፣ ቀጭን ነው ያምራል አዲስ ነው ተብሎ ይገዛል፣ ከዛ አንድ ነገር ሲበላሽ ከአዲስ አበባ ይምጣ ይባላል፣ 400 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባም ከሌለ በቃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ዴስክቶፕ ግን ከሌላው ሁሉ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለው። በፈረንጆቹ 1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባል ስታንዳርድ አወጣ፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) 305 በ244 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ እዚ እዚ ቦታ ይሁኑ፣ ፓወር ሰፕላዩ በዚ ሶኬት ይገናኝ ብሎ። ያኔ ሶኬቱ 20 ፒን (መገናኛ ጥርስ) ነበር፣ በኋላ 24 ሆነ፣ ግን የተጨመረችው ባለ 4 ፒን ስለሆነች ብዙ ፓወር ሰፕላይ ላይ ተነጥላ ትወጣለች፣ ለአሮጌውም ለአዲሱም ይሆናል። እስቲ አስቡት፣ 30 ዓመት ሙሉ አንዱ ድርጅት የሰራው ማዘርቦርድ ሌላው በሰራው ኬዝ ውስጥ እየገባ፣ ሦስተኛው በሰራው ፓወር ሰፕላይ እየተነሳ ኖሯል። ሞባይል ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ? ላፕቶፕ ላይ አለ? የለም። ያንዱን ላፕቶፕ ማዘርቦርድ በሌላው ልክተት ብትሉ ከዛው ድርጅት ከራሱ ሌላ ሞዴል ጋር እንኳን ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ስለዚ ዴስክቶፕ ከሆነ ሁሉም ይጠገናል ማለት ነው? አይደለም፣ እዚ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው።

እኛ ጋ ቶሎ የሚሞተው ዕቃ ፓወር ሰፕላይ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ሲመለስ ደሞ በጉልበት ነው የሚመለሰው፣ አንዳንዴ 220 መሆን የነበረበት ቮልት አምፖሉ ቀይ ክር ብቻ እስኪመስል ድረስ ይወርድና ድንገት ዘሎ ይወጣል። ያን ዱላ መጀመሪያ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ጥሩ ከሆነ ራሱ ሞቶ ማዘርቦርዱን ያተርፋል፣ ርካሽ ከሆነ ማዘርቦርዱንም ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ይሄዳል። ጥሩውን ከርካሹ ለመለየት አንዱ መንገድ በእጅ ማንሳት ነው፣ እውነቴን ነው፣ ባዶ ቆርቆሮ የመሰለ ቀላል ፓወር ሰፕላይ ላዩ ላይ 500 ዋት ቢጻፍበትም ውስጡ መኖር የነበረባቸው ማጣሪያዎችና መከላከያዎች ተቀንሰውበታል ማለት ነው። እኔ አዲስ ከሆነው ቀላል ይልቅ ከድሮ የቢሮ ማሽን የወጣ ከባዱን እመርጣለሁ።

ፓወር ሰፕላይ ሲሞት መተኪያው ስታንዳርድ ባለ 24 ፒን ከሆነ ችግር የለም፣ ደሴ ውስጥ አዲስም አሮጌም ይገኛል፣ ካቻቢቴ ይዞ አራት ብሎን ፈቶ አራት ብሎን ማሰር ነው። ችግሩ አንዳንዶቹ ትልልቅ አምራቾች የቢሮ ማሽኖቻቸው ላይ ከስታንዳርዱ ወጥተዋል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባለው በፈረንጅ 2012 የወጣው ባለ 24 ፒን ነው፣ ትልቁ ታወር (ቆሞ የሚቀመጠው ሳጥን) ላይ ተራ ፓወር ሰፕላይ ይገባል። ቀጥሎ የመጣው 9020 ግን 8 ፒን ሆነ። ኤችፒም ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ላይ 6 ፒን አድርጎታል። ያለ ምክንያት አይደለም፣ 12 ቮልት ብቻ የሚያወጣ ፓወር ሰፕላይ የሚያባክነው መብራት ያንሳል፣ ኢንቴልም ራሱ በኋላ ላይ 12 ቮልት ብቻ የሚል ባለ 10 ፒን ስታንዳርድ አውጥቷል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሶኬት ሲያወጣ መከራውን የሚያየው ከፋብሪካው ርቆ ያለ ሰው ነው፣ ማለትም እኛ።

ከ24 ወደ 8፣ ከ24 ወደ 6 የሚቀይር አዳፕተር ገመድ አለ፣ ካገኛችሁ ያድናል። ግን ማንም ተነስቶ ሽቦ ቆርጦ በጥሶ የሚያገናኘው ነገር አይደለም፣ ስታንዳርዱ ፓወር ሰፕላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የሚሰጣት ትንሽ ኃይል 5 ቮልት ናት፣ አንዳንዱ ቦርድ ደሞ እዛችው ቦታ ላይ 12 ቮልት አካባቢ ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚ አዳፕተሩ ውስጥ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪት መኖር አለበት። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ይሰራል ማለትም አይደለም፣ ዴል በፈረንጅ 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ቅርጹ ከኤቲኤክስ ጋር አንድ የሆነ የሽቦው አደራደር ግን የተለየ ሶኬት ይጠቀም ነበር፣ ተራ ፓወር ሰፕላይ የሰካበት ሰው ማዘርቦርዱን ያቃጥል ነበር። የዛ ዘመን ማሽን ዛሬ እምብዛም አይታይም ግን ነገሩን ማወቅ ይጠቅማል፣ የማታውቁት ማሽን ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ሞዴሉን ፈልጋችሁ አንብቡ።

አንድ ኮምቦልቻ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ ማሽኑ ጥር ሲገባ ሞተበት። ሰርግ በሰርግ የሆነበት ወር ነው፣ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግበት ያው አንድ ማሽን ነው። ከፍቼ ሳየው ፕሮሰሰሩ ደህና፣ ራሙ ደህና፣ ማዘርቦርዱም ደህና፣ የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ። ግን ሶኬቱ ከስታንዳርድ የወጣ፣ ቅርጹም ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሌላ አይገባበትም። ደሴን አዳረስን የለም፣ አዲስ አበባ ሰው ላክን፣ ቆይ ይመጣል ቆይ ይመጣል ሲባል ጥር አለቀ። ልጁ የሰው ሰርግ ይዞ የሰው ስልክ እያነሳ "አብሽሩ ይደርሳል" ሲል ነው የከረመው። ማሽኑ ፈጣን ነበር፣ እኔ ካለኝ ማሽን ሁሉ ይበልጣል፣ ግን በዛ ወር አንድ አሮጌ ባለ 24 ፒን ታወር ይሻለው ነበር።

ሳልረሳው፣ ከውጭ በዩዝድ የሚመጡ የድሮ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላቸው ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለቻቸው፣ 115 እና 230 የሚል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ እንዳለ 220 ላይ ብትሰኩት እዛው ፊታችሁ ይፈነዳል። መጀመሪያ እዛች ቀይ ነገር ላይ እዩ። አዲሶቹ ራሳቸው ይለያሉ፣ መቀያየሪያም የላቸውም።

ዩፒኤስም፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን፣ የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ዩፒኤሴ ሞተ ብሎ የሚጥል ሰው ሳይ ያመኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ውስጡ ያለው ባትሪ ነው፣ ትንንሾቹ ዩፒኤሶች ላይ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር አወር የሚባለው ጥቁር ባትሪ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ሽቦ ብቻ ነው የተያያዘው። መብራት በተደጋጋሚ የሚሄድበት ቦታ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ያ ተፈጥሮው ነው፣ ሳጥኑ ግን ብዙ ባትሪ ይቀብራል።

አሁን ወደ ማሻሻሉ ልምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ እናት አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው። ማሽናቸው ኮር አይ 5 ሦስተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ ከፋብሪካ ሲመጣ የነበረው። ባለጉዳይ ቆሞ ዎርድ እስኪከፈት ይጠብቃል። "ልጄ ይሄ ነገር አርጅቷል መሰለኝ፣ ልሽጠውና አዲስ ልግዛ" አሉኝ። እትዬ አይሸጥም አልኳቸው፣ አንድ ነገር እናድርግለት። በሃርድ ዲስኩ ፈንታ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ የሚባል ፈጣን ዲስክ ገባበት፣ ከሌላ ከሞተ ማሽን የወጣ 4 ጊጋ ራም ተጨመረበት፣ ፋኑና ሲፒዩው ላይ ያለው አቧራ ተነፋ፣ ተርማል ፔስቱ (የሲፒዩውን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፈው ቅባት) ተቀየረ። ወጪው አዲስ ማሽን ከሚገዙበት ጋር የሚወዳደር አይደለም። የድሮውን ሃርድ ዲስክ ምን ላድርገው ሲሉኝ እዛው ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ አድርጌ ሰካሁላቸው፣ የደንበኞቻቸው ፋይል ማታ ማታ እሱ ላይ ይገለበጣል። ይሄ ደሞ የዴስክቶፕ ጸጋ ነው፣ ታወሩ ላይ ለሁለተኛ ዲስክ ቦታም ሶኬትም አለ።

ለምንድነው ኤስኤስዲ እንዲህ የሚለውጠው ለሚል ሰው፣ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው፣ አብዛኛው የዴስክቶፑ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል፣ አንዲት ፋይል ለማግኘት አንባቢዋ ቦታው ላይ ሄዳ ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስላት 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው ደሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ነው፣ ለእያንዳንዷ እንደዛ ስትጠብቁ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ያቺን ፋይል 0.1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ውስጥ ያገኛታል፣ ወደ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚ ፕሮሰሰሩ ቀርፋፋ ነው ብለን የምንረግመው አብዛኛው ማሽን ፕሮሰሰሩ ምንም አላጠፋም፣ ሳህኑን እየጠበቀ ነው የሚውለው።

ራም ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ዲዲአር3 ባለ 240 ፒን ነው፣ ዲዲአር4 ባለ 288፣ መሐሉ ላይ ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው አይገባም፣ አልገባ ካለ አትግፉት። ርካሽ ነው ተብሎ የሚሸጥ የሰርቨር ራም አለ፣ ቅርጹ ያው ነው ይገባልም፣ ግን አብዛኛው ሬጅስተርድ የሚባል ዓይነት ስለሆነ ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይነሳም። ሌላው በጣም የሚያጋጥመኝ ነገር፣ ሰው ራም ጨምሮ ኮምፒውተሩ ግን አላየውም ብሎ ይመጣል፣ ዊንዶውሱን ሳየው 32 ቢት ነው። 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፣ እሱንም ሙሉውን አይደለም፣ 3 ነጥብ ምናምን ነው የሚያሳየው። ራሙ አልተበላሸም ሻጩም አልሸወዳችሁም፣ 64 ቢት ይጫንበት በቃ። የ7010 ታወር አራት የራም ቦታ አለው እስከ 32 ጊጋ ይቀበላል፣ ለጽሕፈት ቤት ግን 8 ይበቃል፣ ፎቶ ለሚሰራ 16፣ ከዛ በላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ፕሮሰሰር መቀየርም ይቻላል፣ ብዙ ሰው አይሞክረውም እንጂ። 1155 የሚባለው ሶኬት የኢንቴልን ሁለተኛና ሦስተኛ ጀነሬሽን ይይዛል፣ ኮር አይ 3 የነበረ 7010 ላይ ኮር አይ 7 3770 ተተክሎ ማሽኑ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ግን ኢንቴል ሶኬቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፣ አራተኛው ጀነሬሽን 1150 ሆነ፣ ስድስተኛና ሰባተኛው 1151፣ ስምንተኛና ዘጠነኛውም 1151 ይባላል ግን ከስድስተኛው ቦርድ ጋር አይሰራም፣ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ እንዳትገዙ። ኤኤምዲ እዚ ላይ ምስጋና ይገባዋል፣ ኤኤም4 የሚለውን ሶኬቱን ራይዘን የሚባሉት ፕሮሰሰሮቹ ከጀመሩበት ከፈረንጅ 2017 ጀምሮ ይዞት ቆየ፣ ያኔ የተገዙ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ባዮሱን (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራውን ፕሮግራም) አፕዴት በማድረግ ብቻ በ2022 የወጣ ፕሮሰሰር መትከል ተችሏል። እንዲህ ነው መሰራት ያለበት። የሚያሳዝነው በዩዝድ ወደኛ የሚመጣው የቢሮ ማሽን አብዛኛው ኢንቴል ነው።

አሁን ደሞ ብዙ ማሽን በጤናው ሊጣል የደረሰበት ምክንያት አለ፣ ዊንዶውስ 10። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው በፈረንጅ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፣ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018። ዊንዶውስ 11 ደሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና በኢንቴል በኩል በመሰረቱ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ማለትም እትዬ ጋ ያለው ያ ማሽን፣ ዎርድ በሰከንዶች የሚከፍተው፣ በወረቀት ላይ ሞቷል። አንዳንድ መስሪያ ቤት ከወዲሁ እንቀይር እያለ ነው፣ እኔ ይሄ ልክ አይመስለኝም። ኢንተርኔት ላይ የማይወጣ፣ ጽሑፍ ብቻ የሚጻፍበትና የሚታተምበት ማሽን እንዳለ ይስራ፣ ፍላሽ የሚሰካበትን ግን ተጠንቀቁ፣ ቫይረስ በፍላሽም ይመጣል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ላይ ደሞ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫኑ፣ እንደነዚ ያሉ ማሽኖች ላይ በደንብ ይሰራል። ጽሕፈት ቤቶች ወዲያው የሚያነሱብኝ ፓወር ግዕዝስ፣ የለመድነው የአማርኛ መጻፊያስ የሚል ነው፣ ልክ ናቸው፣ የዓመታት ፋይላቸው በሱ ፎንት የተጻፈ ነው። ግን ኪይማን የሚባለው መጻፊያ ሊኑክስ ላይም አለ፣ አማርኛ በደንብ ያጽፋል፣ በዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ በሚያውቀው የፊደል አሠራር) ስለሆነ ደሞ የጻፋችሁት ነገር ስልክ ላይም ቴሌግራም ላይም አራት ማዕዘን ሳይሆን ይነበባል። የድሮውን ፋይል የሚከፍት አንድ ዊንዶውስ ማሽን አስቀርቶ ሌላውን ማሸጋገር ይቻላል።

ትልልቆቹ አምራቾች እየሄዱበት ያለው አቅጣጫ ያሳስበኛል፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። አፕል በፈረንጅ 2014 ማክ ሚኒ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተሩ ላይ ራሙን ቦርዱ ላይ በየደው፣ ከዛ በፊት ክዳን ዞር አድርጎ መቀየር ይቻል ነበር። ፍሬምወርክ የሚባለው ደሞ ስሙ የተገነባው የሚጠገን ላፕቶፕ በመስራት ሆኖ ሳለ በ2025 ያወጣው ዴስክቶፕ ራሙ የተበየደ ነው። ምክንያታቸውን ተናግረዋል፣ ያ ፕሮሰሰር ከራሙ ጋር የሚያወራበት መንገድ በጣም ሰፊ ስለሆነ ተነቃይ ራም ያን ፍጥነት አልቻለም ነው የሚሉት፣ አምናቸዋለሁ። ግን የጥገና ተሟጋቹ እንዲህ ካደረገ ሌላው ምን ሊያደርግ ነው? ራም የተበየደበት ማሽን ከገዛችሁ በገዛችሁበት ቀን ያለው መጠን የዕድሜ ልኩ መጠን ነው፣ አንዷ ቺፕ ብትበላሽ ደሞ ሙሉ ማዘርቦርዱ ነው የሚሄደው።

ትንንሾቹን ሚኒዎች ግን አብሬ አልኮንንም። የቢሮ ሚኒ የሚባሉት፣ ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ቲንክሴንተር ታይኒ ዓይነቶቹ፣ ራማቸው የላፕቶፕ ራም ነው ይነቀላል፣ ዲስካቸው ይነቀላል፣ ፓወራቸው ደሞ የላፕቶፕ ቻርጀር ነው፣ የላፕቶፕ ቻርጀር ደሞ ደሴ ውስጥ የትም አለ። መብራትም ብዙ አይበሉም፣ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ከታወሩ የበለጠ ይቆያሉ። የማልመክረው ኦል ኢን ዋን የሚባለውን ነው፣ ስክሪንና ኮምፒውተር አንድ ላይ የተጣበቀውን። ስክሪኑ ከተሰበረ ኮምፒውተሩም አብሮ ተቀመጠ፣ ኮምፒውተሩ ከሞተ ስክሪኑን ለሌላ ማሽን እንጠቀምበት ብትሉ ብዙዎቹ ላይ ሶኬቱ የለም። ሪሴፕሽን ላይ ያምራል፣ አውቃለሁ፣ ግን ለሪሴፕሽን ውበት ብሎ የድርጅት ገንዘብ እንዲህ አይጣልም።

ከዚ ሁሉ ጋር ደሞ ጥገና ቤት ጭራሽ መምጣት የሌለባቸው ብልሽቶች አሉ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደኋላ ሄዶ የድሮ ዓመት ላይ ከተገኘና ዌብሳይቶች አልከፍት ካሉ ኔትወርኩን አትርገሙ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፣ ሲአር 2032 ነው ስሟ፣ 3 ቮልት፣ ሰዓት ሰሪ ጋ ትገኛለች። ቀኑ ስህተት ሲሆን ብራውዘሩ የዌብሳይቱን ሰርተፍኬት ስለማይቀበል ነው የማይከፍተው። ኮምፒውተሩ እየጮኸ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደሞ አጥፍታችሁ ገመዱን ነቅላችሁ ራሙን አውጡት፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ብናኙን አራግፋችሁ መልሱት፣ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሮቢትም ሆነ ሳላይሽ አቧራው ያው ነው፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ሳጥኑ ተከፍቶ ይነፋ፣ የደሴ ብርድ አለልን ብላችሁ አትተማመኑ፣ ፋኑ በአቧራ ከታፈነ ብርዱ ውስጥ አይደርስም፣ ኮምቦልቻ ያላችሁማ በሙቀቱም ጭምር። ላዩ ላይ የምናለብሰውን ዳንቴል ደሞ ሲሰራ አንሱለት፣ ማታ ሲጠፋ አልብሱት።

ስለ ካፓሲተር፣ ቦርዱ ላይ ቆመው ስለሚታዩት ትንንሽ በርሜል የመሰሉ ኃይል መያዣዎች፣ አንድ ነገር ልበል። በፈረንጅ ከ2000 አካባቢ ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በመላው ዓለም የተሰሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ መጥፎ ካፓሲተር ገብቶ ነበር፣ አናታቸው ያብጣል፣ አንዳንዴ ቡኒ ነገር ያንጠባጥባሉ፣ ማሽኑ ዝም ብሎ ይጠፋል ይነሳል። ያበጠ ካፓሲተር ያለበት ቦርድ አልሞተም። ደሴ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ያረጁ ሰዎች አሉ፣ እኔ አያ የምላቸው አንድ አዛውንት በካውያ አውጥተው ከድሮ ቴሌቪዥን ቦርድ የለቀሙትን ሲተክሉበት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው የተማርኩት። የማይክሮፋራዱ (የካፓሲተሩ መጠን) ቁጥር አንድ ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይ ከፍ ያለ ይሁን፣ ፖዘቲቭ ኔጌቲቩን አትሳት፣ እንዲህ ነበር የሚሉኝ። ይሄ እውቀት ከነሱ ጋር እንዳይቀር ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ ኤሌክትሪካል የምትማሩ ልጆች እባካችሁ ክረምት ላይ ሂዱና አጠገባቸው ተቀመጡ፣ የተማራችሁትን ቲዎሪ እነሱ በእጃቸው ይዘውታል።

የመጨረሻው ጉዳዬ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በኛ አቆጣጠር ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ መስሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩ ተዘርፎ፣ የቀረውም ተሰባብሮ ነው የተገኘው። ከአንዱ ዲስኩ ተነቅሏል፣ ከአንዱ ራሙ፣ ከአንዱ ክዳኑ የለም። አንድ ትምህርት ቤት ላይ የተረፈውን ስንሰበስብ ያዳነን ነገር ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ሞዴል መሆናቸው ነበር፣ ያንዱ ፓወር ሰፕላይ ለሌላው፣ ያንዱ ራም ለሌላው እየሆነ ከሬሳው መሐል የሚሰራ ማሽን ወጣ፣ ላቡ እንደገና ተከፈተ። ሌላ ቦታ ደሞ ከተለያየ ለጋሽ የመጣ አስር ዓይነት ማሽን ነበር፣ አንዱ ለሌላው ምንም ሊያዋጣ አልቻለም። ስለዚ ለትምህርት ቤት የምትለግሱ፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ ወሎዬዎች፣ አላህም እግዚአብሔርም ይስጥልን፣ ግን ከተቻለ አንድ ሞዴል፣ ታወር፣ ከላዩ ላይ ደሞ ሁለት ሦስት ትርፍ ፓወር ሰፕላይ ጨምሩበት። ትምህርት ቤቶችም የሞተውን ማሽን ከንብረት ይሰረዝ ብላችሁ ከማስጣላችሁ በፊት ለመለዋወጫነት አስቀምጡት፣ ንብረት ክፍል አንድ ጥግ አይጠፋም።

ሱቅ ስትሄዱ እንግዲህ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ክዳኑን ክፈትልኝ በሉት። ብዙዎቹ የቢሮ ታወሮች ካቻቢቴ እንኳን አይፈልጉም፣ መያዣዋን ስትስቧት ይከፈታሉ። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ወፍራሙን የፓወር ሶኬት እዩ፣ ሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ካነሰ ትርፍ ፓወር ሰፕላይ አብሮ እንዲሰጣችሁ ተደራደሩ ወይ ዋጋውን ያውርድ። ራሙ የሚነቀል መሆኑን፣ ባዶ ቦታ መኖሩን፣ ካፓሲተሮቹ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆኑን እዩ። ክዳኑን አልከፍትም፣ ዋስትናው ይበላሻል ካላችሁ ደሞ ዩዝድ ማሽን ላይ ምን ዋስትና እንዳለው ጠይቁትና አጠገቡ ያለው ሱቅ ግቡ።